ዝናብ ይጠበቃል ያልኳት ዕለት

ጡረታ ስወጣ ጃንጥላ ሸለሙኝ። ጥቁር ነው፣ እጀታው የእንጨት፣ ሲጫኑት ቧ ብሎ የሚከፈት። ሰጪዎቹ ነገሩ ቀልድ እንደሚመስል ያወቁ አይመስለኝም፤ እኔም አልሳቅኩም፤ በሁለት እጄ ተቀብዬ አመሰገንኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዝናብ ስለካ ኖሬአለሁ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ይሮጣል፣ እኔ ወደ ግቢ እሮጣለሁ። ጃንጥላ ግን ኖሮኝ አያውቅም።

አሁን በእኔ ቦታ የቆመው አንድ የብረት ምሰሶ ነው። አናቱ ላይ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጣሳዎች አሉት፣ ጎኑ ላይ ፀሐይ የሚቀበል ሰሌዳ። ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ዝናቡን ራሱ ይለካል፣ ራሱ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ወባ አይዘውም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ለቅሶ አይሄድም። ጎበዝ ነው፤ ሐሰት ምን ያደርግልኛል። አልቀናሁበትም፤ ትንሽ ብቻ ነው የቀናሁት።

ሥራህ ምን ነበር ሲሉኝ ተመልካች ነበርኩ እላለሁ። የመሥሪያ ቤቱ መጠሪያ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። «ምን ትመለከት ነበር?» ይላሉ። «ሰማይ።» «ለዚህ ደመወዝ ይከፈላል?» ይከፈላል፤ ብዙ ባይሆንም ከበረሃ አበሉ ጋር ቤት ያቆማል። የኒውላንድ ሰፈር ጎረቤቶቼ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማህም እንዴ ሰይድ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ኖረዋል። እኔም አላረስኩትም፤ ያደረገውን በየሦስት ሰዓቱ ጻፍኩ እንጂ።

ትንበያ ግን ሌላ ነገር ነው። ተመልካች የሆነውን ይጽፋል፣ ተንባይ የሚሆነውን። እኔ ትልቁን ስህተቴን የሠራሁት ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር ነው። ይህን የምጽፈውም እሱን ለመናገር ነው፤ የቀረው እዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ከወሎ ወደ ጋምቤላ የመጣነው በሰፈራ ነው። አባቴ አቦቦ ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የጠየቀው «እዚህ ዝናብ አለ?» ብሎ ነበር። አለ ሲሉት ጓዙን አወረደ። ከሰፈሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ የዝናብ መለኪያ ሲተከል ካርዱን እንድሞላ ለእኔ ሰጡኝ። የዝናብ እጦት ከአገሩ ያሳደደው ሰው ልጅ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብልቃጥ ይዤ ዝናብ እቆጥር ጀመር።

ካርዱን በወር አንድ ጊዜ እየመጣ የሚወስደው ኦኬሎ የሚባል የአኙዋ ሰው ነበር፤ የጋምቤላው ጣቢያ አንጋፋ ተመልካች። ረጅም ቀጭን ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም፣ ሲራመድም አይቸኩልም፣ ነገር ግን ዘግይቶ አያውቅም። ሦስተኛው ወር ላይ መጣና ካርዴን ገልጦ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይሄ ቀን ምንድነው? ባዶ ነው።»

«ወባ ይዞኝ ነበር። አልወጣሁም።»

«ለምን ዜሮ አልጻፍክም? ሌላው ሰው ዜሮ ይጽፋል።»

«ዘንቦ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?»

ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በወሩ የቅጥር ደብዳቤ መጣልኝ። የተቀጠርኩት በዚያች ባዶ መስመር ምክንያት መሆኑን የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ዜሮ ማለት አየሁ፣ የለም ማለት ነው» ይል ነበር። «ባዶ ማለት አላየሁም ማለት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ከመለኪያ አጠገብ አይቁም።»

መጀመሪያ ሰሞን በወሎ ሥርዓት እርስዎ ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። እንደገና እርስዎ አልኩት። «ስንት ሰው ነኝ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሼም እያልኩ አንተ እለዋለሁ፤ ሚስቱንም እትዬ አጁሉ እያልኩ አንቺ እላታለሁ። ጋምቤላ አማርኛ የሁሉም ነው፤ ግን ሁሉም ከየቤቱ ቋንቋ ይዞት ይመጣል። አንዱ ቃል ለአንዱ ሌላ፣ ለሌላው ሌላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት።

ሥራውን ያስተማረኝ ኦኬሎ ነው። በግቢው መካከል ስክሪን የምንለው ነጭ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ጎኑ በክፍተት የተደረደረ ጣውላ ነው፣ ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ አያስገባም። ቴርሞሜትሮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ኦኬሎ በሩን ከመክፈቱ በፊት በረጅሙ ይተነፍስና ትንፋሹን ይይዛል። ዓይኑን ከመስመሩ እኩል ያደርጋል። መጀመሪያ ከነጥብ በኋላ ያለችውን ቁጥር ያነባል፣ ሙሉውን ቁጥር በኋላ። ምክንያቱን ስጠይቀው «ትንሿ ትሸሻለች፣ ትልቁ ይጠብቅሃል» አለኝ። የሰው ገላና ትንፋሽ መጀመሪያ የሚያዛባው ትንሿን ነው። እኔም እስከ መጨረሻው ቀን እንደዚያው አነበብኩ፤ ዛሬም ፋርማሲ ገብቼ የግድግዳ ቴርሞሜትር ሳይ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ሁለት ልማዶቹ ግን በመመሪያ መጽሐፋችን ውስጥ አልነበሩም።

አንደኛው የባሮ ውሃ ከሚመጣበት ደጋ ካለው ከጎሬ ጣቢያ ጋር ነው። በዚያ ዘመን ቁጥሮቻችንን የምንልከው በመገናኛ ሬዲዮ ነበር። ጣቢያዎቹ ሁሉ ቁጥራቸውን ሰጥተው ሲያበቁ ኦኬሎ የደጋውን ሰው ያስቀረዋል። «ጎሬ፣ ጎሬ፣ ምድሩ ረጥቧል?» ይላል። ይህ በምንልከው የቁጥር ኮድ ውስጥ የለም። የጎሬው ተመልካች ይስቅና «ረጥቧል» ወይም «አቧራ ነው» ይላል። ከዚያ ኦኬሎ ወደ ባሮ ወንዝ ይወርዳል፤ ከማንጎው ዛፍ ሥር ውሃው ዳር ዱላ ተክሏል፣ ዱላው ላይ በቢላዋ የተቆረጡ ምልክቶች አሉ። ውሃው የት እንደደረሰ ያይና ይመለሳል። «ጋምቤላ የሚዘንበው ፀጉራችንን ያርሳል» ይል ነበር፤ «ጎሬ የሚዘንበው ግን እግራችንን ይወስዳል።»

ሁለተኛው ልማዱ አፉ ነው። ሪፖርቱን በቢሮ ቋንቋ ጽፎ ከላከ በኋላ ሥራው አያልቅም። ወንዝ ዳር ያሉትን ሴቶች፣ አሣ አጥማጆቹን፣ የገበያውን ሰው እየዞረ ይነግራል፤ በአኙዋ ለሚሰማው በአኙዋ፣ ለሌላው በአማርኛ። ሁለት ቃል ብቻ ነበረው፦ «ይመጣል» ወይም «አይመጣም»። እንዴት እንዲህ ደፍረህ ትናገራለህ፣ ባይሆንስ አልኩት አንድ ቀን። «ይመጣል ብዬ ካልመጣ ይሰድቡኛል» አለ። «ስድብ ሰው አይገድልም። ሳልናገር ከመጣ ግን ይራባሉ።»

ማታር በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ሁለት ዓመት ተመድቤ ሠርቻለሁ። ስለ ማታር ብዙ የምለው የለኝም፤ ሙቀቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ነጋዴ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ የአገሬ የወሎ ሰው ነው፣ በጀልባ እቃ ይጭናል። «ሰይድ፣ በአላህ ንገረኝ፣ ዛሬ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? ስኳር ነው የጫንኩት» አለኝ። እኔ ተመልካች ነኝ፣ ከዘነበ በኋላ ልንገርህ አልኩት። «ያኔማ ስኳሩ ራሱ ይነግረኛል» ብሎኝ ሄደ። ለብዙ ቀን በዚህ ነገር ሲሳቅብኝ ከረመ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ትምህርት ግን አልሆነኝም።

ወደ ጋምቤላ ስመለስ ኦኬሎ ጡረታ ወጥቶ ነበር። አዲስ ኃላፊ መጣልን፤ አቶ ጌታሁን፣ ወጣት፣ የተማረ፣ ጨዋ ሰው። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ትንበያ ለክልላችን አሳጥሬ፣ ለቅዳሜና እሁድ የሚሆነውን በግማሽ ገጽ እንድጽፍ ለእኔ ሰጠኝ። ከሬዲዮ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድረስ የሚላክ ነው። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው ሴት ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም።

የመጀመሪያውን ስጽፍ እንደ ኦኬሎ «ዝናብ ይመጣል» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ጌታሁን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘውና «ይጠበቃል» አደረገው። «ሰይድ፣ እኛ ነቢይ አይደለንም። ይመጣል የሚባል ቃል እዚህ ቢሮ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። በእምነቴም ቢሆን ይመጣል ማለት ድፍረት ነው፤ ኢንሻላህ የማይባልበት ወረቀት ላይ «ይጠበቃል» የምትለው ቃል በልኳ መጣች። ወደድኳት። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ይጠበቃል ሆነ፤ ዝናብ ይጠበቃል፣ ነፋስ ይጠበቃል፣ ሙቀት ይጠበቃል። የወንዙን ነገር ሳነሣበትም ወንዝ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው አለኝ። ይሄም እውነት ነው። ዱላውን ማየት ተውኩ፣ ጎሬን መጠየቅ ተውኩ። ገበያ እየዞሩ መናገሩንማ ሬዲዮ እያለ ምን ያደርጋል ብዬ ከመጀመሪያውም አልጀመርኩትም። ለኦኬሎ አልነገርኩትም። እሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

ሚስቱ እትዬ አጁሉ ከዚያ በኋላም እዚያው ማንጎው አጠገብ ትኖር ነበር። ባሮ ከክረምት በኋላ ሲሸሽ ዳሩ ላይ እርጥብ ጥቁር አፈር ጥሎ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ በቆሎ ትዘራለች፣ ዝናብ ሳያስፈልገው በእርጥበቱ ብቻ ያድጋል፣ በጋው ሳያልቅ ይደርሳል። ልጇ ሞታ ያሳደገቻቸው ሦስት የልጅ ልጆች አሏት። ያ በቆሎ እስከ ክረምት ማድረሻቸው ነው፤ ሌላ የላቸውም።

የካቲት ነበር። የካቲት ጋምቤላ እንኳን ዝናብ ደመናም ብርቅ ነው፤ ስክሪኑን ስትከፍት ሙቀቱ ፊትህን ይገርፍሃል። አርብ ዕለት ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት ግን ያልተለመደ ነገር ያዘ። እኔም አሳጥሬ ጻፍኩ፦ «በመጪው ቅዳሜና እሁድ በጋምቤላ ከተማና በአካባቢው ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ቀላል ዝናብ ይጠበቃል። ለወቅቱ ያልተለመደ ቀዝቃዛ አየር ይኖራል።» በሬዲዮ ሲነበብ ሰማሁት፤ ደስ የሚል ነበር።

የዘጠኝ ሰዓቱን ንባብ ልወስድ ስክሪኑ ጋ ቆሜ ሳለ እትዬ አጁሉ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«ሰይድ! ሬዲዮ ዝናብ ምን አለ?»

«ይጠበቃል ነው ያለው፣ እትዬ።»

«ይጠበቃል?»

«አዎ፣ ይጠበቃል።»

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።» ኮራ ብያለሁ እንጂ ሌላ ምን አልኩ።

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜና እሁድ።»

«እሺ። እኛ እንጠብቃለን» አለችና ሄደች። ቃሏን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ነበር፤ ትንፋሼን ይዤ የሳጥኑን በር ከፈትኩ፣ ትንሿን ቁጥር መጀመሪያ አነበብኩ።

ቅዳሜ እንዳልኩት ሆነ። ጠዋት ደመና መጣ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ካፊያ። ፀሐይ የምትለካው በአንዲት የመስታወት ኳስ ነው፤ ከሥሯ ካርቶን ይደረጋል፣ ፀሐይዋ ካርቶኑን እየጠበሰች ታሰምርበታለች። የዚያን ቀን ካርቶኑ እንደገባ ንጹሕ ወጣ። በየካቲት እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ከተማው ጃኬት ለበሰ፤ የባጃጅ ሹፌሮች እስከ አገጫቸው ቆልፈዋል፤ ኒውላንድ ያለው ልብስ ነጋዴ ደውሎ «ሰይዶ፣ ብርድህን ሐሙስ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። አቶ ጌታሁንም ደወለ፤ «በትክክል መታሃት» አለኝ። እሁድም እንደዚያው ነበር። የሁለቱን ቀን ዝናብ ለካሁ፤ ጥቂት ነው፣ ቀላል እንዳልኩት ቀላል። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቅዳሜና እሁድ የኮራሁበት ቀን የለም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ድልድዩ ላይ ሰው ቆሞ ወደታች ያያል። ቆሜ አየሁ። የባሮ ውሃ በበጋ ጥርት ያለ ነው፤ ያን ቀን ቀይ ነበር፣ ቅጠልና ግንድ ይዞ ይወርዳል። ደጋው ላይ ከአርብ ጀምሮ ሲወርድ የከረመው እኛ ጋ ካፊያ የነበረው ደመና ነው። ከጎሬ ጋር የሚያገናኘኝ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አርብም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ወደ ማንጎው ወረድኩ። የኦኬሎ ዱላ አይታይም። በቆሎው የነበረበት ላይ ውሃ ነው፤ አንዳንድ አገዳ ጫፉ ብቻ ወጥቶ ይንቀጠቀጣል። እትዬ አጁሉ ሽቅብ ካለው ዳር ላይ ቆማ ነበር፣ ልጆቹ ከኋላዋ። አላለቀሰችም።

«ቅዳሜ ልንቆርጥ ነበር» አለችኝ። «ማጭድ ስለን ነበር። አንተ ዝናብ ይጠበቃል አልክ። ጠበቅን። ትንሽ ዝናብ ጠጥቶ ፍሬው ይሙላ ብዬ።»

ለእሷ ይጠበቃል ማለት ጠብቁ ማለት ነው። ደግሞስ ሌላ ምን ይሁን? ከብት ይጠበቃል፣ በር ይጠበቃል፣ እንግዳ ይጠበቃል፤ ሰው ነው የሚጠብቀው። በዚህ ቃል ተሸሽጌ ዝናቡ ቢቀር ማንም እንዳይጠይቀኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ኦኬሎ ቢኖር አርብ ማታ ቤቱ ገብቶ በሁለት ቃል ይጨርሰው ነበር።

«እትዬ፣ እንደሱ ማለቴ አልነበረም» አልኳት።

«እሺ» አለች። «አንተ ጠብቁ አልክ፣ እኛ ጠበቅን።» ልጆቹን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቢሮ ገብቼ ለአቶ ጌታሁን ነገርኩት። አዘነ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አውጥቶ ደጋግሞ አነበበውና «ቃሉ እኮ ትክክል ነው ሰይድ» አለኝ። ቃሉ ትክክል ነበር፣ ትንበያውም ትክክል ነበር፣ በቆሎው ግን የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ የአፍ ብቻ አልነበረም፣ የእግርም ነበር፤ አርብ ዕለት ሁለት መቶ እርምጃ ወርጄ ዱላውን አላየሁም።

ከአቦቦ ከወንድሜ ማሳ በቆሎ በማዳበሪያ አምጥቼ ሰጠኋት። ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ውሃ አቀረበችልኝ። ልጆቹ ያን ዓመት እንደምንም ወጡት። እኔን የበላኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ ስታልፍ «ሰይድ ደህና ነህ?» ትለኛለች፤ ስለ ዝናብ ግን አትጠይቅም። አንድ ዓመት አልጠየቀችም፣ አምስት ዓመት አልጠየቀችም። አዲስ ዱላ ተከልኩ፣ ጎሬን መጠየቅ ጀመርኩ፣ ገበያ እየዞርኩ ይመጣል፣ አይመጣም ማለትም ጀመርኩ። ሌላው ሰው ይጠይቀኛል፤ እሷ የለችበትም። ለእሷ ሄጄ ልንገራት ስል እግሬ ማንጎው ጋ ሲደርስ ይታሰራል። ሰላም ብላኝ ታልፋለች። ምነው በሰደበችኝ እያልኩ ኖርኩ፤ ወላሂ፣ ስድብ የናፈቀው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ፣ ጃንጥላውን ተቀበልኩ፣ ቤት ተቀመጥኩ። ዘንድሮ የካቲት ላይ አንድ ሐሙስ ስልኬን ስከፍት የጋምቤላ አየር የምትል ሰሌዳ ላይ የደመና ሥዕል አየሁ። ቅዳሜና እሁድ ዝናብ፣ ቀዝቃዛ። ልጄ «አባዬ፣ አብሽር፣ የአንተ ሥራ አይደለም አሁን» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ከዚያ ወጥቼ ጎሬ ደወልኩ። የጎሬው ሰውዬም እንደ እኔ ጡረታ ላይ ነው፤ ዓይን ግን አለው።

«ምድሩ ረጥቧል?» አልኩት።

«አንተ ሰው አልተውክም?» ብሎ ሳቀ። «ረጥቧል። ከትናንት ጀምሮ አላባራም።»

አርብ ጠዋት ጃንጥላዬን ይዤ ወረድኩ። በቆሎው ቆሟል፣ ጫፉ መንጣት ጀምሯል፤ ለመቆረጥ አንድ ሳምንት ይቀረዋል፣ ቢበዛ አሥር ቀን። እትዬ አጁሉ አርጅታለች፤ ከልጅ ልጆቿ ሁለቱ አድገው አጠገቧ አረም ይነቅላሉ። እግሬ እንደልማዱ ሊታሰር ሲል እንቢ አልኩት።

«እትዬ» አልኳት። «ነገ ዝናብ ይመጣል። ከጎሬም ውሃ ይመጣል። በቆሎውን ዛሬ ቁረጡት።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ይጠበቃል አይደለም?»

«አይደለም። ይመጣል።»

«ገና ነው፤ ፍሬው ለስላሳ ነው።»

«ለስላሳውን ይዛችሁ ውጡ።»

ልጆቹን በአኙዋ አዘዘቻቸው። ቆረጥን፤ እኔም ቆረጥኩ፤ ጃንጥላውን ማንጎው ላይ ሰቅዬ እስከ ማታ ተሸከምኩ። ወገቤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ ዘነበ፣ እሁድ ዘነበ፣ ቀዘቀዘ፣ ከተማው ጃኬቱን ለበሰ። ሰኞ ጠዋት ማልጄ ወንዝ ወረድኩ። ውሃው ትንሽ ደፍርሷል። ዱላውን ጎንበስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ አየሁት፤ ሁለት ጣት ብቻ ጨምሯል። በቆሎው ከነበረበት መሬት ጫፍ እንኳ አልደረሰም። ደጋው ላይ የወረደው ወዴት እንደሄደ አላህ ይወቅ፤ የቆረጥነው አገዳ ጉቶ ደረቁን ቆሞ ያየኛል።

እትዬ አጁሉ ከደጃፏ አይታኛለች።

«ሰይድ!» ብላ ጮኸች፤ ማዶ ያሉ አጥማጆች ሁሉ ዞሩ። «አንተ ውሸታም! ውሃው የት አለ? አንድ ሳምንት የቀረውን በቆሎዬን አስቆርጠህ! ለስላሳ ነው፣ አይፈጭም፤ ይሄው ጠብሰን ጠብሰን ሆዳችን ተነፋ! ሠላሳ ዓመት ሰማይ አይተህ ይሄ ነው ያወቅከው?»

አጥማጆቹ ሳቁ። ልጆቹም ሳቁ። እኔ ዱላውን ይዤ ቆሜ ተሰደብኩ፤ እንድታቆምም አልፈለግኩም። ስትጨርስ ደክሟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ከፍሙ ላይ አንድ የተጠበሰ እሸት አንሥታ ወረወረችልኝ። ጨው የለውም፣ ደስ ይላል። እየጋጥኩ ልሄድ ስነሣ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ሰይድ! የሚመጣው ቅዳሜስ?»

«ሐሙስ ጎሬ ደውዬ እነግርሻለሁ፣ እትዬ» አልኳት።